ወደቀብኝ

እናንተ ጆሯችሁን አውሱኝ፣ እኔ ደግሞ አንዲት ከተማ አውሳችኋለሁ። ስሟን አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ካርታ ዘርግታችሁ ስታጧት ዋሾ ትሉኛላችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ግን ነገ ከነገ ወዲያ በመንገድ ስታልፉ ራሳችሁ ታውቋታላችሁ።

በዚያች ከተማ ወንዱ ሁሉ፣ ከሴቱም እኩሌታው፣ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ሲጋራውን የምሸጠው እኔ ነኝ። ከትልቁ መንገድ ዳር፣ ከሰገነቱ ፊት ለፊት፣ ጉልት ነበረኝ፤ ሎሚ፣ ክብሪት፣ ሲጋራ በፍሬ። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ኋላ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ተነስቶ «አንቺስ?» እንዳይለኝ ነው። አዎ፣ እኔም አለሁበት። አሁን ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሰገነቱ ያልኳችሁ የከተማዋ ጌታ ቤት ሰገነት ነው። ጌታው አገሩን የሚያስተዳድረው ከዚያ ላይ ቆሞ ስለነበር ስሙ ተረስቶ ባለሰገነቱ ይባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ የሚያይ ሰው ነበር እንጂ። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት ቁራጭ ሲጋራ የሩዝ ፍሬ አያህልም። በሹመቱ ሥርዓት ደግሞ ጎንበስ ማለት አልተፈቀደለትም። ጫማውን የሚያስርለት አንድ ሹም፣ የወደቀ ባርኔጣውን የሚያነሳለት ሌላ ሹም ነበረው። እነዚህ ሁለቱ በማዕረግ ማን ማንን እንደሚበልጥ ሲጨቃጨቁ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል።

ሌላም ልንገራችሁ። በዚያች ከተማ ቅጣት ማለት ገንዘብ አልነበረም፣ እስርም አልነበረም። ቅጣት ማለት መንገድ መነፈግ ነው። ያጠፋ ሰው ያጠፋበትን መንገድ ዓመት ሙሉ እንዳይረግጥ ይታዘዛል። ቀላል ይመስላችኋል? ቤቱ በዚያ መንገድ ላይ የሆነ ሰው የጎረቤት አጥር እየዘለለ በጓሮ ሲገባና ሲወጣ ዓመቱን ይጨርሳል። ወዳጁ ሲቀበር ከሩቅ ቆሞ ያለቅሳል። ልጁ ስትዳር ከሩቅ ቆሞ ያያል።

አንድ ክረምት ታዲያ ቦዩ ሁሉ በቁራጭ ሲጋራ ተደፈነና ጎርፉ መሄጃ ቢያጣ ተመልሶ የባለሰገነቱን ጓዳ ገባ። የእኛን ጓዳ መግባት ከጀመረ ዘጠኝ ክረምት ሆኖታል፤ አዋጅ የወጣው ግን በዚያ ሳምንት ነው። «ቁራጭ ሲጋራ በመንገድ ላይ የጣለ፣ የጣለበትን መንገድ ዓመት አይርገጥ» ተባለ። እኛም ደግ ነው አልን። ደንብ አስከባሪዎች ቀይ ቆብ ደፍተው በየማዕዘኑ ቆሙ።

መጀመሪያ የተያዘው ፀጉር አስተካካዩ አምታታው ነው። ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አጭሶ አጭሶ፣ ቁራጩን በሁለት ጣቱ አስፈንጥሮ ሊገባ ሲል ደንብ አስከባሪው ክንዱን ያዘው። አምታታው ምንም አልደነገጠም።

«እኔ አልጣልኩም» አለ። «ወደቀብኝ።»

ደንብ አስከባሪው አዋጁን ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። «የጣለ» ይላል። ስለ ወደቀበት ሰው የተጻፈ ነገር የለም። ዕቃ ለወደቀበት ሰው ደግሞ ባገራችን ወጉ ማዘን ነው። ስለዚህ ክንዱን ለቀቀና «እኔን» ብሎት ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ቃሏን አወቃት። እኔ የቆጠርኩት ፊደል ጥቂት ነው፤ ግን እንደዚህች ያለች ብልጥ ቃል አላየሁም። ጥፋቱን ከሰውየው ትከሻ ላይ ታወርድና ዕቃው ላይ ትጭነዋለች። ሰውየው እንዲያውም ተበዳይ ሆኖ ያርፈዋል። ሽማግሌው ወደቀብኝ፣ ወይዘሮዋ ወደቀብኝ፣ የኔታ ሳይቀሩ ወደቀብኝ። አንዱማ ባዶ ፓኮ አሽቀንጥሮ «ከነቤቱ ወደቀብኝ» ብሎ ደንብ አስከባሪውን አስለቅሶታል።

ሹማምንቱ ሰባት ቀን ተሰበሰቡ። አዋጁ ላይ አንዲት ቃል ቢጨምሩ ነገሩ ያልቅ ነበር። እነሱ ግን ሹመት ጨመሩ። የወደቀውን ከተጣለው የሚለይ አዲስ ሹም ተሾመ፤ ማዕረጉም ሊቀ ውዳቂ ተባለ። እኔ ያወጣሁለት እንዳይመስላችሁ፣ በማኅተም የተቀረጸ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ፈጠነ ነበር። «ሊቀ ውዳቂ ፈጠነ» ብለን ስንጠራው ደረቱን ይነፋ ነበር፤ እኛም ደስ ይበለው ብለን በቀን አሥር ጊዜ እንጠራው ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ቁራጭ ሲጋራ ያለበት ይደርስና ዙሪያውን በነጭ ጠመኔ ክብ ያሰምራል። ከግድግዳው ያለውን ርቀት በክር ይለካል። አመዱ ወደ የት እንደዞረ ያያል። ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱን ይጠይቃል። ከዚያ ተንበርክኮ ቁራጩን ራሱን ሦስት ጊዜ «ወድቀህ ነው ወይስ ተጥለህ?» ይለዋል። ቁራጩ ካልመለሰ ነገሩ ለመጪው ወር ይቀጠራል። በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቁራጭ ፍርድ አገኘ። ስምንቱ ወድቀው ተገኙ፤ አንዱ ተጥሎ ተገኘ። እሱንም የጣለው ሰውዬ ፍርዱ በወጣ በሳምንቱ ሞተ። አስከሬኑ በተነፈገው መንገድ ስላለፈ ሌላ አንድ ዓመት ተጨመረበት።

ከሰገነቱ ላይ ለሚወርደው ቁራጭማ ሌላ መደብ ተከፍቶለታል። መዝገቡ ላይ «ከላይ የወረደ» ተብሎ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይጻፍ ነበር።

ዋናው ሥርዓት ግን ይሄ ነው፤ ፍርድ ያላገኘ ቁራጭ አይነካም፣ አይረገጥም፣ አይጠረግም። ማስረጃ ነዋ። አሥር ክብ መቶ ሆነ፣ መቶው ሺህ ሆነ። ትልቁ መንገድ የነብር ቆዳ መሰለ። ዝናብ ጠመኔውን ሲያጥበው ደንብ አስከባሪዎቹ ዣንጥላ ይዘው እንደገና ያሰምሩታል። ሰው ሁሉ ክብ ክቡን እየዘለለ መሄድ ጀመረ። ከባዱ ሰውዬ ይዘላል፣ ነፍሰ ጡሯ ትዘላለች፣ ቀብር የሚሄደው ሰው ጥቁር ለብሶ ይዘላል። የውጭ አገር እንግዳ መጥቶ የባህል ጭፈራችን መስሎት አጨብጭቧል።

አሁን ማንያህልሻልን ላስተዋውቃችሁ። የትልቁ መንገድ ጠራጊ እሷ ናት። ረጅም ናት፣ ደረቅ ናት፣ አፏ እንደኔው አያርፍም፤ ሠላሳ ዓመት ተሰዳድበን አንድም ቀን አልተኳረፍንም። ከድልድዩ እስከ ሰገነቱ ያለውን መንገድ «መንገዴ» ነበር የምትለው፤ ማንም አያርማትም። መጥረጊያዋን ራሷ ታስራለች። በእሷ መንገድ ላይ እህል ቢፈስ ካንድም ጠጠር ሳይቀላቀል ያነሱታል ይባል ነበር፤ እኔ ሎሚዬን ዘርግቼ አይቼዋለሁ፣ እውነት ነው።

ክቡ ሲመጣ መጀመሪያ ዙሪያውን ጠረገች። ክቡ ሲበዛ በክብና በክብ መሀል ጠረገች። ሲጠጋጋባት መጥረጊያዋን ቆርጣ አሳጠረች። እያሳጠረች እያሳጠረች በመጨረሻ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የምትይዘው ሆነ። ጎንበስ ብላ በዚያች ጭራ በምታህል ነገር በክቦቹ መሀል ያለውን አቧራ ስትጎረጉር አያት ነበር። ሊቀ ውዳቂ ዘንድ ሄዳም ነበር። እሱም በትህትና ተራዋን እንድትጠብቅ ነገራት፤ ከፊቷ አራት ሺህ ቁራጭ አለ። በዓመት ሦስት ከሆነ መቼ እንደሚደርስ አስባ ስትጨርስ፣ ያን ጊዜ የልጅ ልጁን መጥታ እንደምታነጋግር ነገረችው።

እንዲህ እያለን ልጇ ትርንጎ ልትዳር ሆነ። በዚያች ከተማ ሙሽራ በበቅሎም በመኪናም አትሄድም። እናቷ በጠበቀችው መንገድ፣ ነጭ ቀሚሷን እየጎተተች፣ በእግሯ ትወጣለች። ጋጋሪዋ እናት ከዳቦ ቤቱ በር ትሸኛለች፣ ነጋዴዋ ከሱቋ በር፤ ጠራጊዋ ግን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ትሰጣለች። ማንያህልሻል ለዚያች ቀን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ድሃ ናት፤ ለልጇ የምትሰጠው ስጦታ ይሄው ነው።

ዓርብ ዕለት ሊቀ ውዳቂ መጣና በዝላይ መሄድ ለሙሽራ እንደማያምር ገልጾ ሁለት አማራጭ ሰጣት። ወይ በጀርባ መንገድ ትሂድ፣ ወይ አራት ወንዶች ተሸክመው በክቦቹ ላይ ያሳልፏት።

«ለምን?» አለችው። «ልጄ ሬሳ ናት?»

ቅዳሜ ማለዳ ጉልቴን ልዘረጋ ስመጣ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ሙሉ መጥረጊያ ነው፣ አዲስ፣ ሌሊቱን ያሰረችው። ሿ፣ ሿ፣ ሿ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገና መስማቴ ነው። ከድልድዩ ጀምራ፣ ክቡንም ቁራጩንም አንድ ላይ እየገፋች፣ የመንገዱ መሀል ላይ ደርሳለች።

ማንዬ፣ መንገድ ትነፈጊያለሽ አልኳት። ነገ ልጅሽን ከድልድዩ ማዶ ቆመሽ ነው የምታያት አልኳት። ቀና እንኳ አላለችም።

«ሎሚሽን አንሺው» አለችኝ፤ «ከሥሩ ልጥረግ።»

አነሳሁት።

ሊቀ ውዳቂ ሲመጣ መንገዱ ባዶ ነው። ጠመኔውን ይዞ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ልጅ ገበያ መሀል የጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው። እኔ እንኳ አዘንኩለት፤ የሦስት ዓመት ልፋቱ በሦስት ጆንያ ታስሮ ከድልድዩ ሥር ቆሟል። ከዚያ ግን ሹመቱ ትዝ ሲለው ክስ ጻፈ።

ችሎቱ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሰገነቱ ሥር ተቀመጠ። ባለሰገነቱ እንደ ወትሮው ከላይ ነው፤ ሲጋራውን በጣቶቹ መሀል ይዞ ክርኑን መደገፊያው ላይ አሳርፏል። እኛ ከታች ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ባንድ እግሩ ሲቆም የኖረ ሕዝብ በዚያን ቀን በሁለት እግሩ ቆመ። ሰዉ ደስ እንዳለው ከፊቱ ያስታውቃል። ትርንጎ ከእናቷ ኋላ ሆና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

ሊቀ ውዳቂ ክሱን አነበበ። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስድስት ፍርድ ያላገኙ ቁራጮች፣ ከነክባቸው፣ ባንዲት ሴት እጅ ጠፍተዋል። ስለዚህ መንገዱን ትነፈግ፤ ከዛሬ ጀምሮ፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልኳ።

ባለሰገነቱ ከላይ ሆኖ «ጠርገሻል?» ብሎ ጠየቃት።

«አልጠረግኩም፣ ጌታዬ» አለች ማንያህልሻል። «መጥረጊያዬ ወደቀብኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። አምታታው ነበር።

ሊቀ ውዳቂ መጥረጊያ ከድልድይ እስከ ሰገነት እንዴት ብሎ እንደሚወድቅ ጠየቀ። እሷም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት አስረዳችው። መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ወደቀባት። አነሳችው። አንድ እርምጃ ስትሄድ ደግሞ ወደቀባት። አነሳችው። እጇ አርጅቷል። መጥረጊያ ደግሞ ሲወድቅ ትንሽ የመንሸራተት ጠባይ አለው፤ ሲንሸራተት ከፊቱ ያገኘውን ቢገፋ ጠባዩ ነው፣ እሷን አይመለከትም። ምስክር አለሽ ወይ ሲላት እኔ ተነሳሁ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በወደቀባት ቁጥር «እኔን፣ እኔን» ስላት ነው ያረፈድኩት አልኩ። ከመንገዱ እኩሌታ ወዲህ ያለውን ማለቴ ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበርኩም፣ በሐሰት አልመሰክርም።

«ውሸት ነው፣ ጌታዬ» አለ ሊቀ ውዳቂ። «ይህ መጥረጊያ አልወደቀም።»

ባለሰገነቱ በምን እንዳወቀ ጠየቀው። እሱም በሚያውቀው መንገድ ሄደ። መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ፤ በክር ለካ፤ ጣቱን አርሶ ወደ ነፋስ ያዘ። ከዚያ ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ «ወድቀህ ነው ወይስ ተጥለህ?» አለው። መጥረጊያው ዝም አለ። ባለሰገነቱ ይህን ሥራ ከቅርብ ሲያየው የመጀመሪያ ጊዜው መሰለኝ። ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። ኋላ ወደ ማንያህልሻል ዞሮ፣

«አንቺስ? የወደቀና የተጣለ በምን ይለያል?» አላት።

«ይሄን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ የለም» አለች። ጎንበስ ብላ መጥረጊያዋን ከክቡ ውስጥ አነሳችና ቀና አለች። «የወደቀበት ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ ጌታዬ። የጣለ ሰው ትቶት ይሄዳል። እኔ በወደቀብኝ ቁጥር አንስቼዋለሁ። ይኸው።»

ባለሰገነቱ ነገሩ ሲገባው አፉ ተከፈተ። አፉ ሲከፈት ጣቶቹም አብረው ተከፈቱ። ቁራጯ ሲጋራ እየጨሰች፣ እየተገለባበጠች፣ ከሰገነቱ ወርዳ ከተጠረገው መንገድ መሀል አረፈች። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ከእሷ ሌላ አንድም ነገር የለም።

ሊቀ ውዳቂ መዝገቡን ገልጦ «ከላይ የወረደ» ሊጽፍ ብዕሩን ነከረ። ባርኔጣ አንሺው ሹም የማዕረጉ ነገር ትዝ ብሎት ሮጦ ሊያነሳ ተጣደፈ። ማንያህልሻል መጥረጊያዋን እንደ ሳንቃ ከእግሩ ፊት አጋደመችበት።

«አንተ ካነሳህለትማ መጥረግ ይባላል» አለችው። «እሱ የእኔ ሥራ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ወደ ላይ አየን። ባለሰገነቱ ወደ እኛ አየ፣ ወደ ቁራጯ አየ፣ ባዶ ጣቶቹን አየ። ደረጃው አርባ ሁለት ነው፤ ሲወርድ ኮቴውን ቆጥረነዋል። መጥቶ ከቁራጯ ፊት ቆመ። ጎንበስ ሊል ሞከረ፣ ወገቡ እንቢ አለው፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልተከፈተ በር ነው። በጉልበቱ ተንበረከከ። አጥንቱ ሲንቋቋ እስከ ጉልቴ ተሰማኝ። ቦርጩ ከለለውና መሬቱን በዳበሳ ይፈልግ ጀመር።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ ጌታዬ» አለችው ማንያህልሻል።

አገኛት። እንዳጎነበሰ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ «ወደቀብኝ» አለ። ያቺን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማት ኖሬ እውነት ስትሆን የሰማኋት በዚያች ሰዓት ነው።

ድንጋይ ላይ አጥፍቷት ሲያበቃ ግራ ገብቶት ወዲያ ወዲህ አየ። የት ላድርጋት ብሎ ጠየቃት።

«ሙሉዋን ከኪስዎ አይደል ያወጧት?» አለችው። «አሁንማ አንሳለች።»

ኪሱ ከተታት። ከዚያ አቧራውን ከጉልበቱ ሳያራግፍ እዚያው ቆሞ ፈረደ። መጥረጊያው ወድቋል አለ። አዋጁንም ከሊቀ ውዳቂ እጅ ተቀብሎ ያን ሁሉ ሐተታ ሰረዘና ሁለት ቃል ብቻ ጻፈበት፤ «የወደቀበት ያንሳ።» ካላነሳስ ያልን እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ጥሏል ማለት ነው፤ መንገዱን ይነፈጋል። ይሄን ለመለየት ሹም አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

እሁድ ዕለት ትርንጎ ወጣች። ከድልድዩ እስከ ሰገነቱ ነጭ ቀሚሷን እየጎተተች፣ ምንም ሳትዘል፣ ቀስ ብላ። እናቷ መጥረጊያዋን እንደ ዘንግ ይዛ ከመንገዱ ራስ ቆማ ነበር። ልጅቱ ደርሳ የቀሚሷን ጫፍ አንስታ ገልብጣ አሳየቻት። አንዲት ጉድፍ የለበትም። ማንያህልሻል አላለቀሰችም፤ እኔ ግን በእሷ ቦታ ብሆን አለቅስ ነበር አልኩና ለእሷም ጨምሬ አለቀስኩ።

ሚዜዎቹ ፈንዲሻ በተኑ። ሴቱ ሁሉ ፈንዲሻ በተነ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ሊቀ ውዳቂ ከሰዉ መሀል ቆሞ ነበር፤ ተጠርቷል፣ ለምን አይጠራም፣ ጎረቤት ነው። እጁ ሳያውቀው ጠመኔ ወዳለበት ኪሱ ሲገባ ማንያህልሻል አየችው።

«ይሄ አልወደቀም፣ ጌታው» አለችው። «አውቀን ነው የበተንነው። ሰኞ እጠርገዋለሁ።»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ ለካ አሳይቶን አያውቅም። የተረፈውን ጠመኔ ኋላ ለሰፈሩ ልጆች አደላቸው፤ እነሱም ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ ሰኞ ማክሰኞ አሰመሩበት፣ መዝለል ያማረው ሰው እዚያ ሄዶ ይዘላል።

እኔም ጉልቴ አጠገብ አሸዋ የሞላሁት ጣሳ አኑሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሲጋራ በፍሬ የሚገዛኝ ሰው አጭሶ ሲያበቃ ቁራጩን እዚያ ሊመልስ ነው የምሸጥለት፤ ያልተመቸው ከሌላ ይግዛ። ባለሰገነቱ ሐሙስ ሐሙስ ወርዶ ከእኔ ይገዛል፣ ሎሚም ይወስዳል። ወገቡ ተሻሽሎለታል።

ወደቀብኝ የምትለዋ ቃልስ ጠፋች ወይ ትሉኝ ይሆናል። የት ትሄዳለች፣ አለች። አሁንም በዚያች ከተማ ከጧት እስከ ማታ ትሰማላችሁ። ብቻ የሚናገራትን ሰው ፊቱን አታዩትም፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚላት።

በሉ፣ ጆሯችሁን መለስኩላችሁ። ከተማዋን ግን እናንተው ዘንድ ትቀመጥ፤ እንዳትወድቅባችሁ ብቻ።